ባሕር ዳርን በምስል መግለጽ፦ ስለ ከተማ ባህላዊ መለያ ዘመቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት የከተማን ባህላዊ ማንነት የሚገልጽ የምስል ዘመቻ ለማዘጋጀት ያሰቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ወጣት ግራፊክ ዲዛይነሮች፣ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅት ባለቤቶች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ባሕር ዳርንና የጣናን ዳርቻ ይዘው የተጻፉ ስለሆኑ እንዳሉ ተገልብጠው ለሌላ ከተማ አይሆኑም፤ አካሄዱ ግን ለጎንደርም ሆነ ለደብረ ማርቆስ ያገለግላል።

የምስል ዘመቻ ከአርማ በምን ይለያል?

አርማ አንድ ምልክት ነው፤ በደብዳቤ ራስጌ፣ በማኅተም ወይም በበር ላይ ተቀምጦ የባለቤቱን ማንነት ያመለክታል። የምስል ዘመቻ ግን ለታወቀ ዓላማና ለተወሰነ ጊዜ አንድን ሐሳብ በብዙ ቦታና በተለያየ መልክ መናገር ነው። ፖስተሩ፣ የባጃጁ ስቲከር፣ በስልክ የሚታየው ምስል፣ በመናኸሪያው የተሰቀለው ሰሌዳና በጀልባው ጎን የተጻፈው ጽሑፍ ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። በየከተማው የሚታየው ችግር አርማው ተመርጦ፣ በአዳራሽ ተመርቆ፣ ጭብጨባው ሲያበቃ ሥራው እንዳለቀ መቈጠሩ ነው።

ሥራው ከየት ይጀምራል?

ከመስማትና ከማየት ይጀምራል። ቢጋሩ፣ ማለትም የሥራው ዓላማና ወሰን የሚገለጽበት ጽሑፍ፣ በሚገባ ካልተጻፈ ዲዛይነሩ የሚሥለው የራሱን ግምት ስለሚሆን፣ ቢጋሩም መጻፍ ያለበት በከተማዋ ከሚኖሩት ሰዎች ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ነው። የጥያቄው አቀራረብ ደግሞ መልሱን ይወስነዋል። ነዋሪውን «የባሕር ዳር መለያ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁት በትምህርት ቤት የተማረውን ይመልስልዎታል፤ ጣና፣ ጢስ ዓባይ፣ ገዳማት ብሎ ያበቃል። «ከሩቅ የመጣ ዘመድዎን መጀመሪያ የት ይወስዱታል? ከከተማው ርቀው ሲሰነብቱ የሚናፍቅዎ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወሬው ይለወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ፣ በዘንባባው ጥላ ሥር በብስክሌት መሄድ፣ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ትኩስ የተጠበሰ ዓሣ መብላት፣ የቅዳሜ ገበያው ግርግር ይነሣል። ለዘመቻ የሚሆነው ቁም ነገር አብዛኛውን ጊዜ ያለው በዚህ በሁለተኛው መልስ ውስጥ ነው።

የሚጠየቁትም ሰዎች ከአንድ ወገን ብቻ መሆን የለባቸውም። ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ ነጂው፣ ሸማኔው፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ የገዳሙ አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ እንዲሁም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ የወጣው ሠራተኛ እያንዳንዳቸው የሚያውቋት ባሕር ዳር የተለያየች ናት። በተለይ ይህ የመጨረሻው ሰው መረሳት የለበትም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈቱ፣ ሰፋፊዎቹ መንገዶችም በፕላን ሲቀየሱ የተፈጠረችው ዘመናዊት ከተማ የእርሱ ትውልድ ሥራ ናት፤ የፋብሪካዋን ባሕር ዳር ግን በፖስተር ላይ አንመለከታትም።

ጣናን፣ ዓባይን፣ ገዳማቱን፣ ዘንባባውን፣ ጉማሬውን ሁሉንም በአንድ ላይ ማስገባት አይቻልም?

ይቻላል፤ በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያ የተሰቀሉ ምስሎች እንደሚያሳዩት ብዙ ጊዜ ተደርጓልም። ፏፏቴው ከላይ፣ ገዳሙ በቀኝ፣ ታንኳው በግራ፣ ፔሊካኑ፣ ቡናውና ከበሮ መቺው በየማዕዘኑ ተደርድረው፣ በመካከላቸው የከተማዋ ስም በወርቃማ ቀለም ይጻፋል። ይህን የሚያደርገው ሰው አንዳችም ነገር እንዳይቀር ከማሰብ ነው፤ ተመልካቹ ግን በሦስት ሰከንድ ውስጥ አንዱንም ሳይዝ ያልፋል።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። በፖስተሩ ላይ የተጻፈውን የከተማ ስም በእጅዎ ይሸፍኑትና ምስሉ የሐዋሳ ሊሆን ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ሐይቅ፣ ወፍ፣ ዛፍ፣ ጀልባና የምትጠልቅ ፀሐይ ብቻ ከሆኑ፣ አዎን፣ የሐዋሳ ሊሆን ይችላል፤ ከባሕር ማዶ ያለ የማናውቀው ከተማም ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር ብቻ የሚገኘው ነገር ዓባይ ከጣና የሚወጣው በከተማዋ በኩል መሆኑ ነው፤ ሐይቁ ወንዝ ሆኖ መንገድ የሚጀምረው እዚሁ፣ በነዋሪው ዓይን ፊት ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ዕቃ ወይም ቦታ ከመምረጥ ይልቅ አንድ ድርጊት እንዲመረጥ ነው። ለምሳሌ «መሻገር» ቢመረጥ፣ ከዘጌ ዕንጨት ጭኖ የሚመጣው የደንገል ታንኳ ይሻገራል፤ ወደ ደሴቶቹ ተሳላሚና ጎብኚ የሚያመላልሰው ጀልባ ይሻገራል፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ የአባቶችን መሻገሪያ ያሳያል፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ የልጆቻቸውን። በብስክሌት ድልድዩን የምታቋርጠው ተማሪም በዚሁ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አላት። እንዲህ ሲሆን አሮጌውና አዲሱ ሳይጣሉ በአንድ ተከታታይ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በየፖስተሩ ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ይታያል። ሌላ ቡድን «መሻገር»ን ትቶ «መሸመን»ን ወይም «ማጥመድ»ን ቢመርጥ አልቃወምም፤ የምቃወመው ሳይመርጥ ቢቀር ነው።

የጣና ገዳማትን ሥዕሎች በዘመቻው መጠቀም ይፈቀዳል?

ይህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ የሕግ፣ ሌላው የሥርዓት ነው። ከሕግ አንጻር ጥንታውያኑ የግድግዳ ሥዕሎች የሠዓሊዎቹ የቅጂ መብት ዘመን ያለፈባቸው ቢሆኑም፣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመለከታቸው ቅርሶች ናቸው፤ ባለቤትና ጠባቂ አላቸው። ፎቶግራፍ ለማንሣትና ለማተም የገዳሙን አስተዳደርና ሀገረ ስብከቱን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የጎብኚ መግቢያ ቲኬት መቁረጥ የማተም ፈቃድ አይሆንም።

ከሥርዓት አንጻር ያለው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም የናርጋ ሥላሴ የመቅደስ ግድግዳ ለጸሎትና ለትምህርት የተሣለ እንጂ የጌጥ ክምችት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሥዕል ከጎኑ ካለው ጋር በታሪክ ይያያዛል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃንና ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኖቻቸው ይታያሉ፤ ከሐዲዎችና ርኩሳን መናፍስት ግን ብዙ ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን የማያውቅ ዲዛይነር በጎን የተሣለው ፊት መስመሩ ስላማረው ብቻ ቆርጦ አውጥቶ በፖስተር ላይ ቢያደርገው፣ ከተማዋን በከሐዲው በይሁዳ መልክ ሊያስተዋውቃት ይችላል። የተመረጠው የእመቤታችን ሥዕል ቢሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የወደቀ በራሪ ወረቀት ይረገጣል፣ ስኒ ይቀመጥበታል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ለምእመኑ ይህ ድፍረት ነው።

የተሻለው መንገድ ቅዱሳኑን በቦታቸው ትቶ ከሠዓሊዎቹ የአሣሣል ዘዴ መማር ነው፤ ጥቁሩን የዳርቻ መስመር፣ ጥላ የሌለውን ጠፍጣፋ የቀለም አቀማመጥ፣ ትልልቆቹን ዓይኖች፣ ታሪክን በክፍል በክፍል የመደርደርን ጥበብ መውሰድ ይቻላል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለው ሐረግም ለዘመቻ ጠርዝና ማያያዣ የሚሆን፣ ማንንም የማያስቀይም፣ ገና በሚገባ ያልተሠራበት ሀብት ነው።

ለቀረጻ ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ቡድን አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። እንደ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ያሉ ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። የፎቶግራፍ ባለሙያዋ ሴት ከሆነች መርሐ ግብሩ እንደዚያው ይዘጋጅ፤ በክብራን አጠገብ ያለው የእንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ነው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ለሁሉም ክፍት ነው። ወደብ ላይ ደርሶ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም።

የደንገል ታንኳን እንደ ምልክት ብንወስድስ?

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ታንኳው ሠሪ አለው። የደንገል ታንኳ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ጋር የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች እጅ ሥራ ተብሎ ይታወቃል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተገፍተው የኖሩ ናቸው። ታንኳቸውን የከተማው ኩራት አድርጎ ሠሪዎቹን በምስሉም፣ በውይይቱም፣ በገቢውም አለማካተት ነውር ነው። ዘመቻው የታንኳ ምልክት ካለበት፣ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ሠሪዎቹ መቀመጫ ሊኖራቸው፣ ምልክቱ ታትሞባቸው ከሚሸጡ ዕቃዎችም ድርሻ ሊደርሳቸው ይገባል።

የአሣሣሉም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ደንገል ሲቈረጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ገለባ ይመስላል። ታንኳው ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ጫፉ ወደ ላይ የቀና፣ ወገቡ በእስር የተጠፈረ ነው። በኮምፒውተር የሚሣሉት ብዙዎቹ ታንኳዎች ግን ለስላሳ የጨረቃ ቅርጽ ሆነው እስሩ ይጠፋል። እስሩ ከጠፋ ሠሪው ሥራውን አያውቀውም።

የተለያየ እምነትና ወግ ያላቸው ነዋሪዎች በአንድ ዘመቻ ሊወከሉ ይችላሉ?

ይችላሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን የየሃይማኖቱን ምልክት እኩል ቆጥሮ በመደርደር አይደለም። መስቀልና ጨረቃን ጎን ለጎን ያደረገ ፖስተር የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይመስላል፤ ማንም ራሱን አያይበትም። የጥምቀት በዓል ጥር 11 ቀን ሲከበር ከተማዋ በሙሉ መልኳን የምትለውጥ መሆኗ እውነት ነው፤ መውሊድና ኢድም እንደዚሁ የከተማዋ ቀኖች ናቸው። ለበዓሉ ጊዜ የበዓሉ ምስል በራሱ ወራት ይውጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆየው መሠረታዊ ምስል ግን ሁሉም የሚካፈለው ሥራ፣ ገበያ፣ ምግብ፣ ውሃና መንገድ ይሻላል። የቅዳሜ ገበያ የማንንም እምነት አይጠይቅም።

ቀለሞቹን በምን እንምረጥ?

ሐይቅ ስለሆነ ሰማያዊ ይሁን የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ የሚመጣ፣ መጀመሪያም ሊመረመር የሚገባው ነው። ጣና ብዙ ደለል የሚገባበት፣ ጥልቀቱም ከፍተኛ በሆነበት ቦታ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ስለሆነ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ ውሃው ወደ ቡናማ ያደላል፤ በማለዳ ደግሞ ብርማ ነው። የሐይቅ ዳር ሰው ይህን ያውቃል። ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ያየ እንደሆነ ፎቶው የሌላ አገር መሆኑን ይጠረጥራል።

የአገሩ ቀለማት ከዓይን የራቁ አይደሉም፤ የደረቀ ደንገል፣ የብራና ቆዳ፣ ርእስና ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለም፣ የዘንባባ አረንጓዴ፣ የነጠላ ነጭ፣ በኡራ ግድግዳ ላይ ያለው ቢጫ። ከእነዚህ ሦስቱን መርጦ አራተኛውን ለልዩ ጊዜ ማስቀመጥ ይበቃል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይን በተርታ ማስቀመጥ ግን ሰንደቅ ዓላማን ስለሚያስመስል፣ አዋጅ ቁጥር 654/2001ንም ስለሚያስነሣ፣ ያለ ምክንያት ባይሞከር ይመረጣል።

ከምርጫው በኋላ የሕትመት ጉዳይ አለ። በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚያበራው ቀለም በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ፋይሉ ወደነዚህ አራት ቀለሞች አሠራር (ሲኤምዋይኬ) ተለውጦ፣ በሚታተምበት ቁስ ላይ ናሙና ወጥቶ በቀን ብርሃን ይታይ። ፀሐይ ደግሞ ቀዩንና ቢጫውን አስቀድማ ትበላለች፤ ወራት የቆየ ባነር ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ለዚህ ነው። ዋናው መልእክት በቀይ ብቻ ከተጻፈ ከክረምት በፊት ይጠፋል።

የትኛውን የፊደል ቅርጽ እንጠቀም?

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። ምስሉ በጥንቃቄ ይሠራና የአማርኛው ጽሑፍ በመጨረሻው ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በተገኘው ፎንት ይለጠፋል። የግእዝ ፊደላት በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጵክና አቢሲኒካ ሲል ያሉ ፎንቶች ስላሉ ፈቃዱ ያልታወቀ ፎንት ለመጠቀም ምክንያት የለም። ለሰሌዳ ወፍራምና እኩል መስመር ያለው፣ ለመጽሔትና ለበራሪ ወረቀት የመጽሐፍ ቅርጽ ያለው ይስማማል፤ የቁም ጽሕፈትን፣ ማለትም የብራና ጸሐፊዎችን የእጅ አጣጣል፣ የሚከተሉ ፎንቶች ቀጫጭን ማያያዣዎች ስላሏቸው ከመንገድ ማዶ ሲታዩ ይጠፋሉ። ሆሄያቱ በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚለዩ ቡ፣ ቢና ቤ ከርቀት መለየታቸው በትክክለኛው መጠን ታትሞ ካልታየ አይታወቅም።

የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ቁመቱም የተቀራረበ ስለሆነ መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገጹ ይጨልማል። በመስመሮች መካከል ለላቲን ከሚተወው ሰፋ ያለ ቦታ ይተው። የአማርኛ ቃል ደግሞ ረጅም ነው፤ አንድ ቃል ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ ጊዜውንም ተሸክሞ ስለሚመጣ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል። አቀማመጡ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተሠርቶ ኋላ አማርኛው እንዲገባበት ከተደረገ ይህ መድረሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሥራው ከአማርኛው ይጀምር፣ እንግሊዝኛው ይከተል። ፊደልን ወደ ታች መደርደር፣ በሰው ሠራሽ መንገድ ማዝመም፣ የላቲን ፊደል እንዲመስል መቀጥቀጥም ከብዕሩ ጠባይ ጋር አይሄድም።

በጀቱ ከፈቀደ የሚሻለው የከተማዋን ስም ለዘመቻው ብቻ በእጅ ማስጻፍ ነው። በመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚጽፉ ሊቃውንት ዛሬም አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የጻፈውን ወደ ቬክተር፣ ማለትም ቢያሳድጉት ጥራቱ ወደማይቀንስ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ለውጦ መጠቀም ምንም ፎንት የማይሰጠውን መልክ ያስገኛል። ስሙ «ባሕር ዳር» ወይም «ባህር ዳር» ተብሎ መጻፉም አስቀድሞ ተወስኖ በየቦታው አንድ ይሁን።

መሪ ቃል የግድ ያስፈልጋል?

የግድ አይደለም። ጥሩ መሪ ቃል የሚሠራው እውነተኛ ልዩነትን ሲጠራ ነው፤ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ያበረከቱት «የ13 ወር ፀጋ» የዘመን አቈጣጠራችንን መለየት ወደ ግብዣ ስለለወጠው ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጣው «ምድረ ቀደምት»ም የሚቆመው በአንድ ግልጽ አሳብ ላይ ነው። «ውቢቷ ከተማ» ግን ማንኛዋም ከተማ ስለ ራሷ የምትለው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ከመጻፍ ምስሉን ከስሟ ጋር ብቻ መተው ይሻላል።

በፎቶግራፍ አጠቃቀም ላይ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ ከፈቃድ እንነሣ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 መሠረት የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊለጠፍ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ በአደባባይ ለተፈጸሙ በዓላትና ሁኔታዎች፣ ለታወቁ ሰዎችም ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ሆኖም በጥምቀት ሕዝብ መካከል የተነሣ ሰፊ ምስልና ከዚያው ሕዝብ ውስጥ ተመርጣ ፊቷ ብቻ በቢልቦርድ የወጣች ወጣት አንድ ጉዳይ አይደሉም። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ የት የት እንደሚወጣም ይገለጽበት፤ ለሕፃናት ወላጅ ይፈርም።

ሁለተኛው እውነተኛነት ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በነሐሴና በመስከረም ግርማ ያለው ነው፤ ከሁለተኛው የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ መጀመር ወዲህ ግን ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚዞር በበጋው ወራት ብዙ ጊዜ ቀጭን ሆኖ ይታያል። በመጋቢት ጎብኚ ለመጥራት የነሐሴን ፎቶ መለጠፍ ማታለል ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባዶ ገደል ያየ እንግዳ ለሌላው የሚያወራው ይህንኑ ነው። ፎቶው ይውጣ፤ ወሩ ግን አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛውን ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች አያውቁትም። ውሃው ላይ ተንጣልሎ የሚታየው አረንጓዴ ምንጣፍና ሐምራዊው አበባ ካሜራ ፊት እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን እምቦጭ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የነጠቀውን፣ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው የዋለውን አረም በከተማዋ ማስተዋወቂያ ላይ አጊጦ ሲያይ የሚሰማውን መገመት አያስቸግርም። ከማተሚያ ቤት በፊት ምስሎቹን ለአንድ የሐይቅ ዳር ሰው ማሳየት ይህን ሁሉ ያድናል።

የት የት ይለጠፍ? በምን ላይስ ይታተም?

ነዋሪው በየቀኑ በሚያልፍበት ቦታ፤ በባጃጅ፣ በመናኸሪያ፣ በጀልባ ማቆሚያ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በአየር ማረፊያው። በሰውና በሐይቁ መካከል ሰሌዳ መትከል ግን ከተማዋን ለማሳየት ከተማዋን መጋረድ ነው። በዘንባባው ግንድ ላይ ምስማር መምታትም እንደዚሁ። ለውጭ ማስታወቂያ የከተማ አስተዳደሩ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም እንደሚመለከተው መዘንጋት የለበትም።

የፍሌክስ ባነር ርካሽ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ከቀደዱት በኋላ ግን ቁራጩ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት በተመዘገበ ዳርቻ ላይ ይህ አያምርም። ጨርቅ በሚሠራባት፣ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት ባለባት ከተማ በጥጥ ጨርቅ ላይ ማተም፣ ለተመረጡ ቦታዎችም ሸማኔ በጥለት እንዲሠራው ማድረግ ወጪው ከፍ ቢልም ዕቃው ራሱ የዘመቻው አካል ይሆናል።

ከሌሎች ከተሞች ምን መማር ይቻላል?

ጥቂት ነገር። የፖርቱጋሏ ፖርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣችው መለያ በከተማዋ ቤቶች ላይ ካለው ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ ተነሥቶ ከ70 በላይ ትንንሽ ሥዕሎችን በአንድ ዓይነት መስመር አያይዟል፤ ነዋሪው የሰፈሩን ሥዕል ይፈልግበታል። አምስተርዳም ደግሞ በሙዚየም አደባባይ ያቆመቻቸውን ግዙፍ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ከቦታቸው አንሥታለች፤ የፎቶ ወረፋው ነዋሪውን ማሰልቸቱ አንዱ ምክንያት ነበር። በየከተማው አደባባይ ግዙፍ ፊደል መትከል ፋሽን በሆነበት ጊዜ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመነጭ ምስል መጠቀም ይቻላል?

ለመነሻ ንድፍ ካልሆነ አልመክርም። የግእዝ ፊደልን አበላሽቶ ይጽፋል፣ ለመስቀል የማንም ያልሆነ ቅርጽ ይሰጣል፣ የጥለቱን አቅጣጫ ያዛባል፤ የሌለ ገዳምም ይሠራል። ስለ አንድ ቦታ እውነት ለመናገር በተነሣ ዘመቻ ውስጥ የሌለ ቦታ ማሳየት ምን ይሉታል?

የሥራው ባለቤትነት የማን ነው?

በውሉ ላይ የተጻፈው ሰው ወይም ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ይጻፍ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊው፣ ለፎቶግራፍ አንሺውና ለዲዛይነሩ መብት ይሰጣል፤ ከተማው ምስሉን ለስንት ዓመት፣ በምን በምን ላይ፣ ማሻሻል እየቻለ ወይስ ሳይችል እንደሚጠቀምበት በግልጽ ካልተስማሙ ኋላ ክርክር ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የምንጭ ፋይሎቹ ርክክብ ነው፤ ጄፔግ ብቻ ተረክቦ ከዓመት በኋላ ቢልቦርድ ማሠራት አይቻልም። ዋናው ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ እንደ ንግድ ምልክት ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። በነጻ ውድድር ዲዛይን ሰብስቦ ለአሸናፊው ብቻ ጥቂት መክፈልን በተመለከተ ግን፣ ሕጉ ባይከለክለውም፣ ወጣት ባለሙያዎችን ያለ ዋጋ ማሠራት እንደሆነ አምናለሁ።

ዘመቻው መሥራቱ በምን ይታወቃል?

የተሰቀለውን ባነር ብዛት መቍጠር ምንም አይናገርም። ሸማኔው ምልክቱን ማንም ሳያዝዘው በነጠላ ጠርዝ ላይ ሠርቶ መሸጥ ከጀመረ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ስቲከሩ ሲቀደድ ሌላ ከጠየቀ፣ ዓሣ ጠባሿ በሱቋ ግድግዳ ላይ በራሷ ቀለም ካሣለችው ሥራው ተይዟል። እነርሱ ሲሥሉት መስመሩ ሊጣመም፣ ቀለሙም ሊለወጥ ይችላል፤ የአጠቃቀም መመሪያው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤና ሰሌዳ ይቈጣጠር እንጂ እነርሱን ለመከልከል አይጻፍ።